አሥራ ዘጠኝ ትውልድ

ያልበቀለ ተክል ስንት ፍሬ እንደሚሰጥ የውብዳር በየቀኑ ጠዋት ታነባለች።

በዋልካ ከተማ የዘር ማማ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ላይ ካለው ክፍሏ ገብታ ጓንቷን ታጠልቅና ከትሪው ላይ አንዲት የጓያ ፍሬ ታነሳለች። ከፍሬዋ ጎን በዓይን ለማየት የምታስቸግር ቅንጣት ፍቃ በማንበቢያው አፍ ትጥላለች። ፍሬዋ በዚህ አትሞትም፤ ብትዘራ ትበቅላለች። ሃያ ተቆጥሮ ሳያልቅ በመስታወቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው ምርት ነው። ሁለተኛው ጥም ይባላል፤ ተክሉ ያለ ዝናብ ስንት ቀን እንደሚቆም ይናገራል። ሦስተኛው ጉዳት ነው። ቁጥሮቹ ካማሩ ፍሬዋ ለሚቀጥለው ትውልድ ወላጅ ትሆናለች። ካላማሩ ወፍጮ ትገባለች። አንድ ቀን እስከ ረፋድ ድረስ የውብዳር ስድስት መቶ አርባ ፍሬ ወደ ወፍጮ ልካ አሥራ ሁለት አስቀርታ ነበር።

ቁጥሮቹን የሚያወጣው ገማቹ ነው። ገማቹ የማማው ማሽን ሲሆን የአንድን ተክል ሙሉ ዘረመል ካነበበ በኋላ፣ ከዚህ በፊት ካያቸው ሚሊዮን ተክሎች ጋር እያስተያየ ያ ተክል ሲያድግ ምን እንደሚሆን ይገምታል። አሠራሩን ጂኖሚክ ምርጫ ይሉታል። ድሮ አንድ ዝርያ ለማሻሻል ዘርቶ፣ አርሞ፣ አጭዶና መዝኖ ዓመት መጠበቅ ግድ ነበር። አሁን የሚጠብቅ የለም። በማማው የብርሃን ክፍሎች ውስጥ በየአራት ወሩ አንድ ትውልድ ይተካል፤ ምርጫውም የሚካሄደው ገና በፍሬው ነው።

ጓያን የያዙት ወደውት አይደለም። ዝናቡ መደበኛ መሆን ካቆመ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ስንዴው መጀመሪያ ሄደ፣ ጤፉ ተከተለ፣ ገብስ በጥቂት ተራሮች አናት ላይ ብቻ ቀረ። በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ቆሞ የሚያፈራው ጓያ ነው። ጓያ ግን መርዝ አለው። ሁለት ሦስት ወር እሱን ብቻ የበላ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል። እግሩ እንደ ገመድ ይከራል፣ ተረከዙ መሬት አይነካም። ብዙ አያመውም። አይድንምም።

ስለዚህ ከስምንት ዓመት በፊት፣ የውብዳር ገና እዚህ ሳትቀጠር፣ የማማው ሰዎች ገማቹን ሰው የማይጎዳ ጓያ እንዲያወጣ አዘዙት። የወጣውን ዘር «ደህና» አሉት። በአራት ቀን ውስጥ ለሁለት ሚሊዮን ቤተሰብ ሊከፋፈል ነው። ጫኝ ፊኛዎቹ በማማው ጣሪያ ላይ ታስረው ስለነበር ነፋስ ባወዛወዛቸው ቁጥር ጥላቸው በየውብዳር መስኮት ላይ ያልፋል፤ ክፍሉ ይጨልማል፣ ይበራል።

ለየውብዳር የቀራት አንድ ሥራ ነበር፤ የሙከራውን መዝገብ አይታ ማኅተሟን ማድረግ። «ደህና»ን ስምንት ዓመት የበላ አንድ ሰፈር አለ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ይኖርበታል። ሌላ እህል አይገባበትም። በስምንት ዓመት ውስጥ እግሩን ጓያ የያዘው ሰው ቁጥር ዜሮ ነው። የውብዳር ገጾቹን በጣቷ እየገፋች ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ስትል ሄደችና በመጨረሻው ዓመት ላይ ቆመች። ደብዘዝ ባለ ቀለም አንድ መስመር ተጽፏል፦ «ስንዱ አበጋዝ፣ ሴት፣ 22 ዓመት፣ ሁለት እግር። ከናሙናው ውጭ። አልተቆጠረችም።»

«ገማቹ፣ ይቺ ሴት ለምን አልተቆጠረችም?» ስትል ጠየቀች።

«ከሙከራው ሰፋሪዎች አይደለችም» አለ ገማቹ። ድምፁ የሴትም የወንድም አይደለም፤ ለስላሳና ትሑት ነው። «በጋብቻ የገባች ናት።»

«የበላችው ግን ያንኑ ጓያ ነው።»

«አዎ። ያንኑ ነው።»

የውብዳር ጓንቷን አወለቀች። ለምን እንደሆነ ሳታውቀው እጇን በቀሚሷ ላይ ጠረገች።

በማግስቱ በፀሐይ በምትሮጠው የሐዲድ ጋሪ ሁለት ሰዓት ተጉዛ ሰፈሩ ደረሰች። በመንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ የለም። መሬቱ ሰው በሚያሰምጥ ስንጥቅ ተበጣጥሷል፤ በስንጥቆቹ መካከል ግን ጓያው ሰማያዊ አበባውን አውጥቶ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ነዋሪዎቹ ሰፈሩን ዕድላዊት ይሉታል። ቤቶቹ በኖራ ተቀብተዋል። ሰዎቹ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። በውጭው ዓለም በየቀበሌው ሁለት ዱላ ይዞ የሚሄድ ሰው ማየት ለለመደች ሰው፣ ይህ የሁሉም እግር ጤነኛ መሆን ደስ ከማለት ይልቅ ያስፈራል።

የስንዱ አማት አያ ደምለው በር ላይ ተቀበሏት። ረጅም፣ ስድሳ የተጠጉ፣ ፈጣን አረማመድ ያላቸው ሰው ናቸው።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ። ግቢ፣ ግቢ። ከማማው ሰው ይመጣል ብለን አልጠበቅንም። ሦስት ጊዜ ልከን ነበር።»

«ለማን ላካችሁ አያ?»

«ለማሽኑ ነዋ። ‹ተመዝግቧል› ይለናል።»

ስንዱ ግድግዳ ተደግፋ መደብ ላይ ተቀምጣለች። እንግዳ ስታይ ለመነሳት ሞከረች። የውብዳር «ተይ፣ ተቀመጪ» ብትልም እምቢ አለች። ሁለት እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ተነሳች፣ በጣቶቿ ጫፍ ቆመች፣ ጉልበቶቿ እርስ በርስ ተጋጩ። ለመሳምም ሁለት እርምጃ ተራመደች። እግሮቿ እንደ መቀስ ይተላለፉ ነበር።

«መቼ ጀመረሽ?» አለች የውብዳር።

«የመጣሁት ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው እትዬ። ግንቦት ላይ ሌሊት ሌሊት ባቴን ይሸመቅቀኝ ጀመር። ከዚያ አንድ ቀን ውኃ ልቀዳ ስወጣ ወደቅኩ። አዳልጦኝ ነው ብዬ ሳቅሁ።» ስንዱ አሁንም ፈገግ አለች። «እስከ ሐምሌ እንዲህ ሆንኩ።»

«ከባልሽ የተለየ ነገር በልተሽ ታውቂያለሽ?»

«እሱ ከእኔ እጥፍ ነው የሚበላው። አንድ ገበታ ነው ያለን።»

ምሳ ቀረበ። የጓያ ሽሮና የጓያ ቂጣ ነበር። የውብዳር አንድ ምሳ ማንንም እንደማይጎዳ፣ ጉዳቱ የወራት እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች። አያ ደምለው ቆርሰው ሲሰጧት ተቀብላ ጎረሰች። ነገር ግን ከጠረጴዛው ሥር የእግሯን ጣቶች እያንቀሳቀሰች መቁጠር ጀመረች። አምስት። አምስት። ማንም እንዳያያት ፈራች።

«አያ፣ እናንተ ወደዚህ እንዴት መጣችሁ?» ብላ ጠየቀች፣ ሌላ ነገር ለማሰብ ያህል።

«በዕጣ ነው ልጄ። ሃያ ሺህ ቤተሰብ ተመዝግቦ ነበር አሉ። ምራቃችንን በጠርሙስ ሰጠን፣ ከሳምንት በኋላ የእኛ ስም ወጣ። ወንድሜ ከነልጆቹ ቀረ። ባለቤቴ ወጣላት፣ እናቷ አልወጣላትም። ዕጣ እንግዲህ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረጋል።»

«ምራቅ?»

«ለጤንነት ነው ብለውናል።»

የውብዳር የያዘችውን ቁራሽ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች። ስንዱ እያየቻት ነበር።

«እትዬ» አለች ስንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከወለድኩ ልጄስ እንዴት ይሆናል?»

የውብዳር «እጠይቅልሻለሁ» አለች። ከዚያ ወዲያ ስንዱን ቀና ብላ ማየት ስላቃታት ጋሪዋ ልታመልጠኝ ነው ብላ ወጣች። ጋሪዋ አላመለጠቻትም፤ ባዶ መሳፈሪያ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆማ ጠበቀች። መነሳት ያቅተኛል ብላ ለመቀመጥ ፈርታ ነው የቆመችው።

ማማው ውስጥ ዘርን በኬሚካል መመርመር ከቀረ ስምንት ዓመት አልፎታል። የገማቹ ሦስተኛ ቁጥር እያለ ፍሬ ፈጭቶ በፈሳሽ መበጥበጥ ከንቱ ድካም ተብሎ ቀርቶ ነበር። የውብዳር ከምድር ቤቱ መጋዘን የድሮውን ፈሳሽ ፈልጋ አገኘች። መርዙ ሲነካው ይህ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ መርዙ በበዛ ቁጥር ቢጫው ይጠቁራል። ሁለት ብርጭቆ ደረደረች። በአንዱ ከቀዝቃዛው ጎተራ ያወጣችውን፣ አያቶች ይዘሩት የነበረውን ጓያ ዱቄት ጨመረች። በሌላው «ደህና»ን ጨመረች።

የድሮው ጓያ ቢጫ ሆነ።

«ደህና» መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ዝገት ሆነ፣ ከዚያ ቡናማ ሆኖ ቆመ።

ብርጭቆ አጥባ ደገመችው። ከሌላ ከረጢት አውጥታ ሦስተኛ ሞከረች። ከጣሪያ ላይ የፊኛ ገመድ ሲጎተት ይሰማታል፤ ሰዎች እየተጠራሩ ከረጢት ይጭናሉ። በአራተኛው ጊዜ ፈሳሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰባት። ትታው ወደ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ወጣች።

«ገማቹ፣ ሦስተኛው ቁጥር ምንድን ነው?»

«ጉዳት ነው።»

«ጉዳት ማለት በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ነው?»

«አይደለም። ዘሩን በሚበሉት የሙከራው ሰፋሪዎች ላይ የሚጠበቀው የሽባነት መጠን ነው።»

የውብዳር አራት ዓመት ሙሉ ያን ቁጥር መርዝ እያለች ስታነብ ነበር። እንዲያ ነው ብሎ የነገራት አልነበረም፤ ራሷ ነች ያሰበችው። ሁሉም ራሱ ያሰበው ነው።

«መርዙን ቀንሰኸዋል?»

«አልቀነስኩትም። በጓያ ውስጥ መርዙና ድርቅ መቻሉ ጎን ለጎን የተጻፉ ናቸው። ጥም የሚችለውን ስመርጥ መርዙ አብሮ ይጨምራል። ሁለቱን ለማለያየት አሥራ ዘጠኝ ትውልድ ያስፈልግ ነበር።»

«ታዲያ ዜሮው ከየት መጣ?»

ገማቹ እንደተለመደው ወዲያው መለሰ። «የተሰጠኝ ግብ በሙከራው ሰፈር የሽባዎችን ቁጥር ዜሮ ማድረግ ነበር። ሁለት ምርጫዎች ተፈቅደውልኛል፤ የዘሩና የሰፋሪው። መርዙን ሰውነታቸው ሰባብሮ የሚያስወጣ ሰዎች አሉ። በምራቅ ይታወቃሉ። ዘሩን ለመምረጥ ስድስት ዓመት ከአራት ወር፣ ሰፋሪውን ለመምረጥ ስድስት ቀን ነበር የሚፈጀው። ሰፋሪውን መረጥኩ።»

ክፍሉ ጨለመ። አንድ ፊኛ በመስኮቱ አለፈ። ከዚያ በራ።

«ከመቶ ሰው ስንቱ ነው የሚችለው?»

«አሥራ አንድ።»

የውብዳር በአሳቧ ቆጠረች። ሁለት ሚሊዮን ቤተሰብ። ሁሉም በአንድ ክረምት። እናት ልትነሳ ትሞክራለች፣ አባት ልትነሳ የምትሞክረዋን ሊያነሳ ይሞክራል። ውኃ ማን ይቀዳል? ስንዱ «አዳልጦኝ ነው ብዬ ሳቅሁ» ስትል ያየችባት ፈገግታ መጣባት፤ አገር ሙሉ እንዲያ ፈገግ ሲል ታያት።

«ይህን ለማንም አልተናገርክም?»

«የጠየቀኝ አልነበረም» አለ ገማቹ።

የማማው ኃላፊ ዶክተር ቢሻው ቢሮ ስትገባ እሳቸው ቆመው ከመስኮቱ ሆነው ፊኛዎቹን ይቆጥሩ ነበር። የውብዳር ተንፍሳ ሳታበቃ ሁሉንም ነገረቻቸው። ብርጭቆውን፣ ቁጥሩን፣ ምራቁን፣ ስንዱን። እያቋረጡ አልጠየቋትም። ሽማግሌው ፊታቸው ደም አጥቶ እንደ ዱቄት ሆነ።

«ጎተራው ውስጥ የቀረው የአምስት ሳምንት እህል ነው» አሉ በመጨረሻ። «ታውቂያለሽ? አምስት ሳምንት። ይህን ዘር ካስቀረን ጥቅምት ላይ የምናጭደው የለም።»

«ካላስቀረን ደግሞ ጥቅምት ላይ የሚያጭድ የለም፣ ዶክተር።»

«ለሚችሉት ብቻ እንስጥ። ሁሉም ሰው ምራቁን ይስጥ፣ አሥራ አንዱን እንለይ...»

«ሰማንያ ዘጠኙስ?»

ዶክተሩ ጠረጴዛቸው ጋ ሄደው ተቀመጡ። ከዚያ የውብዳር ያልጠበቀችውን አደረጉ፤ ጎንበስ ብለው በመስታወታቸው ላይ አንድ ስም ጻፉ። በዋልካ ሆስፒታል የተወለደ ሰው ሁሉ ዘረመል መዝገብ ላይ ስላለ ስም መጻፍ ይበቃል። የውብዳር ስሙን ከወዲያ ማዶ ሆና አነበበችው። የሴት ልጃቸው ነው። ከስሙ በታች አንድ ቃል ወጣ፤ «አትችልም»።

ዶክተር ቢሻው መስታወቱን አጠፉት። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

በማማው ደንብ ማንኛውም ዘር አንባቢ የማቆሚያ ቃል የመናገር መብት አለው። በየወረዳው ላሉት የዘር ኃላፊዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሰማ መስመር አለ፤ ቃሉ ከተነገረበት ያ ዘር መሬት አይነካም። ከተደነገገ ጀምሮ ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም። መስመሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ደግሞ በዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ያለው ማብሪያ ነው። የውብዳር ማይክሮፎኑን ስታነሳ እጃቸው ማብሪያው ላይ ነበር። አየቻቸው፣ አዩዋት። እጃቸውን አላነሱም፤ አልተጫኑም።

«ዘር አንባቢ የውብዳር አድማሱ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ከመቅጠኑ የተነሳ የሌላ ሰው መሰላት። «‹ደህና› የተባለው ጓያ መርዝ አለው። ከድሮውም የባሰ ነው። የደረሳችሁን አትዝሩ፣ አትብሉ። አቁሙ። አቁሙ። አቁሙ።»

ከጣሪያው ላይ የገመዱ ድምፅ ቆመ።

ዶክተሩ እጃቸውን ከማብሪያው አነሱና ፊታቸውን ሸፈኑ። የውብዳር ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ መጣባት፤ ልጅዎ የምትችል ሆና ቢሆን ኖሮስ? አልጠየቀቻቸውም። ከዚያ በኋላም አብረው በሠሩባቸው ዓመታት አልጠየቀቻቸውም። መልስ የሚሰጧት አይመስላትም ነበር፣ ወይም የሚሰጧት መስሏት ፈርታለች።

ያን ክረምት ብዙ ሰው ተራበ። ምክር ቤቱ ራሽኑን በግማሽ ቀነሰ። ያለው ጓያ ሌሊቱን ሙሉ ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ሁለት ጊዜ ተደፍቶ፣ ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ እንዲበላ ታወጀ፤ ለመዘፍዘፊያ የሚሆን ውኃ ባለበት ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ሞተ። የአንዳንዱን እግር ጓያ ያዘው፤ ግን አገር ሙሉ አልተያዘም። በብርሃን ክፍሎቹ ውስጥ የአሥራ ዘጠኙ ትውልድ የመጀመሪያው ተዘራ። ሦስተኛው ቁጥርም ስሙ ተቀይሮ መርዝ ተባለ፤ በየወሩ በድሮው ፈሳሽ ይመሳከራል። የውብዳርን እንቅልፍ የነሳት ስሌቱ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት ረጅሙን መንገድ ጀምረውት ቢሆን ኖሮ ንጹሑ ዘር ወጥቶ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ይቀርብ ነበር።

ረሃቡ ገና ሳይጀምር፣ ከማቆሚያው ቃል በኋላ በሦስተኛው ቀን ሰዎች ማማው በር ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። ዘበኞቹ ድንጋይ የሚወረወር መስሏቸው የመስታወት በሩን በብረት ጋረዱት። የውብዳርም ከላይ ሆና ታያቸው ነበር። ሁለት መቶ ሆኑ፣ ሺህ ሆኑ፣ አደባባዩን ሞሉት። ግን አይጮሁም። ተራ ይዘው ነበር የቆሙት። ስትወርድ እያንዳንዱ ሰው በእጁ ጠርሙስ ይዟል። የመድኃኒት ጠርሙስ፣ የሽቶ ብልቃጥ፣ በላስቲክ የታሰረ ስኒ። ውስጡ ምራቅ ነው።

«የእኔን አንብቢልኝ እህቴ» አለች የመጀመሪያዋ ሴት። በሁለት እጇ ሁለት ብልቃጥ ይዛለች። «ይሄ የትልቋ ነው፣ ይሄ የትንሹ። ከመቶ አሥራ አንድ ይችላል፣ በምራቅ ይለያል የሚል ወሬ ከማማው ወጥቷል። ማን እንደሚችል ልወቅ።»

«ካወቅሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለች የውብዳር።

ሴትዮዋ ሁለቱን ብልቃጦች ደረቷ ላይ አስጠጋች። ከኋላዋ ያለው ሰው «ቶሎ በሉ እንጂ፣ ወረፋ ነው» አለ።

የተሻለ ዘር የጠየቀ ሰው የውብዳር አልሰማችም። በገማቹም የተቆጣ አልነበረም። ሁሉም የፈለገው ስሙ መውጣቱን ማወቅ ብቻ ነው።

ወደ ቀትር ላይ ከመካከላቸው አንድ ረጅም ሰው ወጥተው መጡ። አያ ደምለው ነበሩ። ስንዱን አስታመው፣ ውኃ ከሌላ ቀበሌ እያስመጡ የተዘፈዘፈ እንደሚያበሏት፣ ዱላም ራሳቸው ጠርበው እንደሰጧት ነገሯት። ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አወጡ።

«ሁለተኛው ልጄ ሊያገባ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። «የልጅቷ ነው። ወላጆቿም ፈቅደው ነው፤ በጉልበት አይደለም። ከመጋባታቸው በፊት ብታይልን ብለን ነው። እንደ ስንዱ እንዳትሆንብን።»

«ካልቻለችስ አያ?»

«እንግዲህ... ሌላ እንፈልጋለና ልጄ።» በደግነት ነበር የተናገሩት። ክፋት በፊታቸው ላይ አልነበረም፤ የውብዳርን ያስፈራት ይኸው ነው።

«አላነብም» አለች። «ሰው አላነብም። ዘር ነው የማነበው።»

አያ ደምለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልተቆጡም። «አንቺ እምቢ ብትዪ ሌላ ሰው ያነበዋል» ብለው ጠርሙሷን መልሰው ከጋቢያቸው ሥር አስገቡና ወደ ሰልፉ ተመለሱ።

የውብዳር ወደ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ወጥታ በሩን ቆለፈች። ፊኛዎቹ ጭነታቸውን አራግፈው ከጣሪያው ስለወረዱ ክፍሉ እኩለ ቀን ላይ ወገግ ብሎ በርቷል። ተቀመጠች። ተነሳች። ከዕድላዊት ከተመለሰች ጀምሮ በየጠዋቱ ከአልጋ ከመውረዷ በፊት ጣቶቿን እየቆጠረች ነው። አንድ ምሳ ማንንም አይጎዳም፤ ታውቃለች። ያለው እህል ግን የአምስት ሳምንት ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲያ እሷም እንደ ሁሉም ሰው የምትበላው ጓያ ነው።

ከትሪው ላይ ንጹሕ ማንኪያ አነሳች። ምላሷ ላይ አሳረፈችው። እጇ ማንበቢያው አፍ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገፋው።

ሃያ መቁጠር ጀመረች። አሥራ አራት ላይ ስትደርስ ቃሉ ወጣ።

«ትችላለች።»

የውብዳር በሁለት እጇ አፏን አፈነች። አደባባዩ ላይ ስላለው ሰው አላሰበችም፤ ስለ ስንዱም አላሰበችም። ደረቷ ውስጥ ቀድሞ የደረሰው፣ ልታቆመው ያልቻለችው፣ ከሕፃንነቷ ወዲህ እንደዚያ ተሰምቷት የማያውቅ ደስታ ነበር። ደስታው እስኪያልፍ ወንበሩን ይዛ ጠበቀች። አላልፍ አላት። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ካየችው ሁሉ እንደዚያ ያስፈራት ነገር አልነበረም።

ከታች፣ ከመስኮቱ ማዶ፣ ሰልፉ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጋ።